የድድ ቁስልና ኦዞን፦ ዝናው ከማስረጃው ቀድሟል

የድድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከክሊኒክ ሲወጣ የሚሰጠው ምክር ለዓመታት ብዙም አልተለወጠም። ለብ ባለ ጨው ውሃ ተጉመጥመጥ፤ ትኩስ ነገር አትጠጣ፤ በዚያ በኩል አታኝክ፤ ክሩ ከሳምንት በኋላ ይወጣል። በቱርክ፣ በሕንድ፣ በጣሊያንና በሩሲያ ያሉ ብዙ የጥርስ ክሊኒኮች ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ቁስሉን ለጥቂት ደቂቃ በኦዞን ማከም። ሐኪሙ ጋዙን ቁስሉ ላይ ይነፋል፣ ኦዞን በተቀላቀለበት ውሃ ያጥበዋል፣ ወይም ኦዞን ያለፈበት ዘይት ይቀባዋል። ማስታወቂያውም በየስልካችን እየገባ ነው። ለሕክምና ኢስታንቡልና ሕንድ የሚመላለስ የአዲስ አበባ ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም። አንዱ መጥቶ «እዚያ በኦዞን ነው ያከሙኝ» ያለ እንደሆነ፣ እዚህ ያለው ክሊኒክም «እኛም ጋ አለ» ለማለት ብዙ አይቆይም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኦዞን በላቦራቶሪ የተፈተነ፣ ጀርም የሚገድል፣ ሥራውም የሚታወቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከሐሰተኛ መድኃኒት ተርታ አላሰልፈውም። የድድ ቁስል መዳን አለመዳኑን የሚወስነው ግን እሱ አይደለም። በሽተኛው ለኦዞን ከመክፈሉ በፊት መከፈል ያለባቸው ሌሎች ሒሳቦች አሉ። እነሱ ደግሞ በአብዛኛው ማስታወቂያ የላቸውም።

ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አተሞች የተጣመሩበት ጋዝ ነው። የጀርመን ተወላጁ ኬሚስት ክርስቲያን ሾንባይን በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ሲሠራ ሽታውን ተከትሎ የለየው እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ ነው። ክረምት ላይ መብረቅ ከወረደ በኋላ አፍንጫን ሰርሰር የሚያደርገው ሽታ የእሱ ነው። ከትምህርት ቤት የምናስታውሰው ከፀሐይ ጨረር የሚከልለንን የሰማይ ንጣፍ ነው፤ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ደግሞ ጠርሙሱን ከመክደናቸው በፊት ውሃውን ከጀርም ለማጽዳት ይጠቀሙበታል። ሳያውቀው የኦዞን ደንበኛ የሆነው የከተማችን ሰው ብዙ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው አተም አይረጋም። ተላቅቆ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ባክቴሪያ ካገኘ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳል፤ በተለይ አየር የማይወዱትን፣ በድድና በጥርስ መካከል ባለው ኪስ ውስጥ የሚኖሩትን ዝርያዎች ክፉኛ ይጎዳል። ሕያው ሥጋ ላይ ሲያርፍም ከቁስሉ እርጥበትና ቅባት ጋር ወዲያው ተዋሕዶ ይጠፋል፤ በምትኩ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሌሎች ውሁዶች ይተካሉ። እነዚህ በመጠኑ ሲሆኑ ሴሎቹን ያነቃቃሉ፤ ሴሉ የራሱን መከላከያ ያጠናክራል፣ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅሉ የእድገት ፕሮቲኖችም ይበዛሉ። መጠኑ ካለፈ ያው ኬሚካል ሴሉን ይገድላል። ለሕክምና የሚሠራው ድብልቅ ከመቶ አንድ እስከ አምስት እጁ ኦዞን፣ ቀሪው ንጹሕ ኦክስጅን የሚሆነው ለዚህ ነው። ጠቃሚና ጎጂ የሚለዩት በመጠን ነው፤ መጠኑን የማይለካ መሣሪያ ይዞ «በኦዞን አክማለሁ» ማለት ደግሞ በግምት ማከም ነው።

ነገሩ አዲስ መስሎ ይቅረብ እንጂ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የጀርመን ሐኪሞች የወታደሮችን ቁስል በኦዞን አክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፊሽ የሚባል የስዊዘርላንድ የጥርስ ሐኪም ኦዞንን በአፍ ሕክምና ይጠቀምበት ነበር። ጥርሱን ሊታከም የመጣው ታዋቂው ቀዶ ሐኪም ኤርዊን ፓየር ባየው ነገር ተገርሞ ሕክምናውን ወደ ራሱ ሙያ ወሰደውና እ.ኤ.አ. በ1935 ለጀርመን ቀዶ ሐኪሞች አቀረበው። ኦዞን ወደ ትልቁ ቀዶ ሕክምና የገባው በጥርስ ሐኪም ወንበር በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ግን አንቲባዮቲክ መጣና ለብዙ ዓመታት ረሱት።

በኋላ አጥብቀው ከያዙት አገሮች ሩሲያና ኩባ ይገኙበታል። ይህ ለአዲስ አበባው የልደታ ሰፈር ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ ቁስለኞችን ለማከም የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በሶቭየት ቀይ መስቀል የተከፈተው የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ደግሞ እስከ ዛሬ ልደታ ውስጥ አለ፤ ሰፈሩ ውስጥ የሩሲያ ሐኪም ያላየው አዛውንት ማግኘት ይከብዳል። በደርግ ዘመን የኩባ ሐኪሞች እዚህ ሠርተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ኩባ ሄደው ተምረዋል። በሩሲያ የኒዥኒ ኖቭጎሮድ ሐኪሞች ኦዞንን ለዐሥርተ ዓመታት አጥንተዋል። ኩባ ለኦዞን ብቻ የቆመ የምርምር ማዕከል በሃቫና ነበራት፤ ኦዞን ያለፈበትን የሱፍ ዘይትም በመድኃኒትነት መዝግባ ተጠቅማበታለች። በማዕቀብ ምክንያት መድኃኒት የሚያጥራት አገር ከኦክስጅንና ከኤሌክትሪክ የሚሠራ ሕክምና ላይ ማተኮሯ የሚገርም አይደለም። በሌላ በኩል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በደንቡ ውስጥ ኦዞንን የታወቀ የሕክምና ጥቅም የሌለው መርዛማ ጋዝ ብሎ ጽፎታል፤ ደንቡ እስከ አሁን አልተሻረም። አንዱ አገር መድኃኒት ብሎ የመዘገበውን ሌላው መርዝ ሲለው፣ ሐኪሞቿን ወደ ሁለቱም ወገን ልካ የምታስተምር አገር የራሷ መለኪያ ያስፈልጋታል።

ለመሆኑ ማስረጃው ምን ይላል? እዚህ ላይ ዘገም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ «ኦዞን ለጥርስ ይጠቅማል ወይ» ብሎ በጅምላ የጠየቀ ሰው በጅምላ የተሳሳተ መልስ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተቦረቦረ ጥርስ ያለ መሰርሰሪያ በኦዞን ይድናል ተብሎ አንድ መሣሪያ በአውሮፓ በሰፊው ተሸጠ። ናይስ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ማስረጃውን መርምሮ፣ ከጥናት ውጭ ለዚህ አገልግሎት እንዳይውል መከረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምረው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎችም አስተማማኝ ማስረጃ የለም ብለው ነበር። ድዳቸው ለሚደማ፣ ጥርሳቸውን በጥልቀት ለሚያሳጥቡ ሰዎች ኦዞን ቢጨመር ለውጥ ያመጣ እንደሆነ የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የጥናቶች ግምገማም ተጨማሪ ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ «ኦዞን ካለ ማሳጠብ አያስፈልግም» የሚል ካለ ውሸቱን ነው።

የቀዶ ሕክምና ቁስል ግን ከእነዚህ ይለያል፤ ለኦዞን ተስፋ የሚሰጠው ክፍልም ይኸው ነው። ድዱ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ለተጋለጠበት ሰው ሐኪሙ ከላንቃው ላይ፣ ከመንጋጋ ጥርሶች ጎን፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር የሚወፍር ቁራጭ ሥጋ ያነሣና በጎደለው ቦታ ይሰፋዋል። የተሰፋው ቦታ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። በሽተኛውን እንቅልፍ የሚነሣው የተነሣበት ላንቃ ነው። ስፌት የለውም፤ ክፍት ነው፤ ምላስ በየደቂቃው ይነካዋል፤ ውሃ እንኳ ያቃጥለዋል። በመጀመሪያው ቀን የረጋ ደም ይሸፍነዋል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ሽፋን ይለብሳል፤ ብዙ ሰው ይህን መግል ነው ብሎ ይደነግጥና በጥጥ ሊጠርገው ይሞክራል፤ ስሕተት ነው፤ ሽፋኑ የተፈጥሮ ፋሻ ነው። ከዳር ያለው ቆዳ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ መሐል ይሳባል፤ ጤነኛ ሰው ላይ በሁለት ሳምንት አብዛኛው፣ በሦስትና በአራት ሳምንት ሁሉም ይከደናል።

ኦዞን የተፈተነው በዚህ ዓይነት ቁስል ላይ ነው። በሕንድ ኦዞን ያለፈበት ዘይት ላንቃ ላይ ተቀብቶ ቁስሉ ካልተቀባው ፈጥኖ መጥበቡ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የቱርክ ጥናት ደግሞ በዕጣ በተከፋፈሉ በሽተኞች ላይ የደም ፍሰትን በሌዘር መሣሪያ ለክቶ፣ ኦዞን ባገኙት ላይ በመጀመሪያው የመዳን ጊዜ ፍሰቱ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የተቀበረ የመንጋጋ ጥርስ በቀዶ ከወጣ በኋላ ሕመሙን ቀነሰ፣ እብጠቱንና የአፍ አለመከፈቱን ግን አልለወጠም ያለ የቱርክ ጥናትም አለ። እነዚህ መናቅ የለባቸውም። ነገር ግን ተሳታፊዎቻቸው ጥቂት ናቸው፤ መሣሪያውም፣ መጠኑም፣ የሚነፋበት ደቂቃም ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አንዱን ከአንዱ ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ያስቸግራል።

ሌላም ነገር አለ። ጥሩ ጥናት በሽተኛው የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ እንዳያውቅ ያደርጋል። ኦዞን ግን ይሸታል፤ የሰው አፍንጫ ደግሞ እጅግ በትንሹም ቢሆን ይለየዋል። አፉ ውስጥ የመብረቅ ሽታ የገባ ሰው እውነተኛውን ሕክምና እንዳገኘ ይገምታል፤ ሕመሙ ከዐሥር ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግምቱ መልሱን ሊያለዝበው ይችላል። የቁስሉን ስፋትና የደም ፍሰቱን በመሣሪያ የለኩት ጥናቶች ስለ ሕመም ከሚናገሩት ይበልጥ የሚታመኑት ለዚህ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ሁሉንም በመልካም ጎኑ ብንወስደው፣ ኦዞን የሚያተርፍልን ጥቂት ቀናትን ነው። በወሩ መጨረሻ በኦዞን የታከመውም ያልታከመውም ላንቃው ተከድኖ እንጀራውን ይበላል።

ጥቂት ቀን ግን ለአንዳንዱ ብዙ ነው። በአማራና በትግራይ እናቶችና አያቶች ዘንድ ድድ መነቀስ የቆየ ልማድ ነው፤ ለውበትም፣ ድድ እንዳይደማ ይረዳል ተብሎም። ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ ወደ ድድ ይገባና ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ዛሬ ይህን ንቅሳት፣ አንዳንዴም የተፈጥሮ የድድ ጥቁረታቸውን፣ ለማስነሣት ክሊኒክ የሚሄዱ ወጣት ሴቶች አሉ። በቢላም ይሁን በሌዘር ሲነሣ የፊት ድዱ ሁሉ ለቀናት የተገሸለጠ ቁስል ሆኖ ይቆያል። (የተፈጥሮው ጥቁረት በሽታ አይደለም፤ ማስነሣት ግዴታ እንደሆነ አድርጎ የሚያስፈራራ ካለ ገበያ ፈልጎ ነው።) ሠርጓ በሦስተኛው ሳምንት የሆነ ሙሽራ ቁስሏ አራት ቀን ቀድሞ ቢደርቅላት ደስ ይላታል፤ ትክፈል። ኦዞን ወደ አዲስ አበባ በስፋት ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኛት ደንበኛ እሷ ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ድዱ መግል የያዘው የስድሳ ዓመት ሰው ግን ከወረፋው መጨረሻ ነው።

የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው ቁስሉ ዘግይቶ ይድናል፣ ያመረቅዛልም፤ ይህን ለማወቅ የጣት ደም ወይም የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ይበቃል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የድዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ በኦዞን የተገኘውን የደም ፍሰት በማታው ሲጋራ መልሶ ያጣዋል። ጫት የሚቅመው ደግሞ ቅጠሉን በጉንጩና በድዱ መካከል ለሰዓታት ይወትፈዋል፤ ከቁስሉ ላይ ነው የሚወትፈው። ጥርስ ሥር የተከማቸው ቆሻሻ ሳይነሣ የተሰፋ ድድም ተመልሶ ያብጣል። ቅርንፉድ መንከስና አረቄ መያዝ ለጥርስ ሕመም የለመድነው ነው፤ ትኩስ ቁስል ላይ ግን አረቄው ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ትቶ ለአንድ ሳምንት አጥሚትና ሾርባ መጠጣት፣ በርበሬ መቀነስ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ክሎርሄክሲዲን ጠዋትና ማታ መጉመጥመጥ አሰልቺ ነው። ክሎርሄክሲዲን ጥርስን ያጠይማል፣ ጣዕምም ያበላሻል፤ በብዙ ጥናት የተደገፈ ግን እሱ ነው።

ከዚህም የከፋ የድድ ችግር አለብን። በምግብ እጥረት በተጎዱ ሕፃናት ድድ ላይ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ጉንጭን የሚበላው ኖማ በአገራችን አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ካጡ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በጽዳት፣ በምግብና በተለመደ አንቲባዮቲክ ይቆማል። ለአፍ ጤና የሚውል ብር ሲደለደል ይህ መረሳት የለበትም።

አሁን ወደ መሣሪያው። ገበያ ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ንጹሕ የሕክምና ኦክስጅን ተቀብሎ የሚያወጣውን የኦዞን መጠን በቁጥር ያሳያል። ሁለተኛው በእስክሪብቶ መልክ የተሠራ የመስታወት ዘንግ ያለው ነው፤ ዘንጉ ሥጋ ሲነካ ሐምራዊ ብርሃን ያበራል፣ በዙሪያው ካለው አየርም ኦዞን ይፈጥራል። ሁለተኛው ለዓይን ያምራል፤ ለቪዲዮም ይመቻል። ቁስሉ ላይ በትክክል ስንት እንደደረሰ ግን አይነግርም። የመጀመሪያው ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ በኮቪድ ጊዜ ለጽኑ ሕሙማን እንኳ ኦክስጅን ያጠረን ሰዎች ነን። ኦክስጅን ሲያልቅ በክፍሉ አየር ላሠራው ቢባል ከኦዞኑ ጋር ሳንባ የሚጎዱ የናይትሮጅን ጋዞች ይወጣሉ።

ኦዞን ራሱም ለሳንባ ጠላት ነው። የአሜሪካው ደንብ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ መሣሪያ የሚለቀው ኦዞን ከሃያ ሚሊዮን የአየር ክፍል አንድ እንዳይበልጥ ያዛል። አፍ ከአፍንጫ በጥቂት ጣት ይርቃል። በቁስሉ ላይ በደንብ የሚገጠም የሲሊኮን ቆብና የሚስብ ቱቦ ከሌለ ጋዙን የሚተነፍሰው በሽተኛው ነው፤ አስም ካለበት ወዲያው ያስለዋል። ከበሽተኛው ይልቅ የማስበው ግን ረዳቷን ነርስ ነው። በሽተኛው አንድ ቀን መጥቶ ይሄዳል፤ እሷ በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት በተከራዩት ጠባብ ክፍል፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ በተዘጋበት፣ ቀኑን ሙሉ ትውላለች። ከአፍ አልፎ በደም ሥር ይሰጣል የሚባለው ኦዞን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጋዝ በደም ሥር ገብቶ ሰው ሊገድል ይችላል፣ ለድድ ቁስልም ምንም አይፈይድም።

የዋጋው ነገር ላይ ብዙ አልቆይም። የጥርስ ሕክምና ዕቃ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከውጭ ይገባል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ዋጋው የት እንደደረሰ ታካሚው ያውቀዋል። መሣሪያ በውድ የገዛ ክሊኒክ ገንዘቡን ለመመለስ ለሚያስፈልገውም ለማያስፈልገውም እንዲያዝ ይፈተናል። ይህ የኦዞን ብቻ ጠባይ ባይሆንም ኦዞንን አይምርም።

ሕጉ መሠረት አለው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ስለ ጥርስ ሕክምና ኦዞን ለይቶ የሚናገር መመሪያ ግን መሣሪያው በየሰፈሩ ከተዳረሰ በኋላ ሳይሆን አሁን መጻፍ አለበት፤ የመጠን ቁጥር የማያሳይ እንዳይመዘገብ፣ ጋዝ የሚስብ ቱቦ የሌለው እንዳይሠራ፣ «ያለ ቀዶ ሕክምና ድድ ያድናል» የሚል ማስታወቂያ እንዳይለጠፍ። የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ። የላንቃ ቁስልን በየሦስት ቀኑ ፎቶ አንሥቶ ስፋቱን መለካት ትልቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ሩሲያና አሜሪካ የተለያዩበትን ጉዳይ በእኛው በሽተኞች ላይ፣ ስኳር ባለባቸውና ጫት በሚቅሙት ጭምር፣ መፈተን ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚመጥን ሥራ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ድድህን ልትታከም ሄደህ ኦዞን እንጨምርልህ ወይ ብትባል፣ መጀመሪያ ስኳርህን መለካታቸውንና ጥርስህ በደንብ መታጠቡን አረጋግጥ፤ ቀጥሎ መሣሪያው በባለሥልጣኑ መመዝገቡን፣ መጠኑንም በቁጥር ማሳየቱን ጠይቅ። መልስ ካገኘህና ገንዘቡ ካለህ ተጠቀምበት፤ ካልመለሱልህ ጨው ውሃህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ፣ ለክሩም በቀጠሮህ ተመለስ።